ሁለት የትምህርት ሣጥንና አንድ ባለቀዳዳ ካርድ

ሰኞ፣ ጁን 23። ጠዋት።

ልጄ ኦትሚል ገንፎዋን ዛሬም ለአሻንጉሊቷ አበላችው። አሻንጉሊቱን አጥቤ በረንዳ ላይ አሰጣሁት፤ በአሥር ደቂቃ ደረቀ። ዩኒፎርሜ ተተኩሷል። ወጡ ተሠርቷል፣ ለባሌ ለዳዊት ማሞቅ ብቻ ነው የቀረው። እና አንቺ ጋ ቁጭ አልኩ፣ ደብተሬ፤ ለሰው ብናገረው እጮሃለሁና።

ዓርብ ዕለት፣ ዳዊት ገና እንደገባ፣ ት/ቤቱ ደወለ። ልጃችን በጸሎት በፕሪኬ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት ባለው ክፍል፣ ቦታ አግኝታለች። ዳዊት ተጠባባቂ መዝገብ ላይ ያስገባት ከገና በኋላ ነው። እኔም ፈርሜያለሁ፣ አልክድም። ቦታ አይገኝም ብዬ ነው የፈረምኩት። ይኸው ተገኘ። መልሳችሁን እስከ ኦገስት 8 አሳውቁን ብለዋል።

ዳዊት ስልኩን ሳመው። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ የሆቴል ሻትል፣ የእንግዳ ማመላለሻ፣ ይነዳል፤ ከንጋት ጀምሮ ነድቶ በዚህ አገር አቆጣጠር ከሰዓት 3 ላይ ይገባል። እኔ የእንግዳ ክፍል አጸዳለሁ፤ ከሰዓት 4 ላይ ሺፍት ገብቼ እኩለ ሌሊት እወጣለሁ። ልጅ የምንቀባበለው በር ላይ ነው። እሱ ጫማውን ሲያወልቅ እኔ ጫማዬን አስራለሁ። አራት ዓመት ተኩል ያለ ሞግዚት እንዲህ አሳደግናት። አሁን ት/ቤት ከገባች፣ እሷ በአንዱ በር ስትገባ እኔ በሌላው ልወጣ ነው። ከልጄ ጋር ያለኝ ጠዋት ብቻ ነው። እሱንም አምጪ ሊሉኝ ነው።

እኔ አስተምራታለሁ አልኩት። እዚሁ ቤት፣ ከእግዚአብሔር ቃል ጋር። የቤ/ክ እናቶች ያደርጉት የለም? ሆምስኩል ይሉታል።

ዳዊት አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምሽ ሴት አላለኝም፤ ጨዋ ነው። ግን አሰበው። ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ የእሱን ፊት ለማንበብ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አያስፈልግም።

ረቡዕ፣ ጁን 25። የእረፍት ቀኔ።

ተጨቃጨቅን። በጸሎት ገላዋን ስትታጠብ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። የእሱ ስጋት ሦስት ነው። እንግሊዝኛችን። ጓደኛ አለማግኘቷ። ሦስተኛውን ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ እኔ ቶሎ እንደምነሣና ቶሎ እንደምተው ነው። የሹራብ ሥራውን አነሣ። የአበባ ማሰሮዎቹን አነሣ። ጂሙንም ሊያነሣ ሲል ይበቃል አልኩት።

ተናደድኩ፣ እውነት ስለሆነ።

ተስማማን። እስከ ኦገስት 8 ያለው ጊዜ የእኔ ነው። ከአንቺ መማር እንደምትችል የሚያሳምን አንድ ነገር አሳዪኝ፣ እኔው ራሴ ደውዬ ቦታውን እለቅላቸዋለሁ አለ። ካላሳየሁት ደግሞ አፌን ዘግቼ ቦርሳ እገዛላታለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። ስድስት ሳምንት የተሰጠው እንቁላል ግን ቢሮጥ ይሻለዋል።

ከዚያ ስልኬን ይዤ ካሪኩለም፣ የቤት ማስተማሪያ፣ ፍለጋ ገባሁ። ጌታ ሆይ አንዱን አሳየኝ ብዬ ጸለይኩ፤ ስልኬ መቶ አሳየኝ። ሁሉም ክርስቲያናዊ ነኝ ይላል። ሁሉም ከሌሎቹ እለያለሁ ይላል። ቪዲዮው ላይ ያሉት እናቶች ኩሽና ነጭ ነው፣ ልጆቻቸው አያለቅሱም፣ ምንጣፋቸው ላይ አንድ ፍርፋሪ የለም። እኔ በሙያዬ የማውቀው ነገር አለ፤ ፍርፋሪ የሌለው ክፍል ሰው ያላደረበት ክፍል ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 28። ከሺፍት በፊት።

ጠዋት ከከተማው ማዶ፣ ሮድስ ራንች ሰፈር፣ እህት ሰብለ ቤት። በቤ/ክ ስለ ሆምስኩል የሚጠየቀው እሷን ነው። ሦስት ልጆች በቤቷ አስተምራለች። አንድ ሙሉ ክፍል መደርደሪያ ነው፣ እያንዳንዱ ሣጥን ላይ የየትምህርት ዓመቱ ቁጥር ተለጥፏል። ታላቋ ናኦሚ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ መጽሐፍ ታነባለች። ቀና ብላ ሃይ አለችን፣ ተመልሳ ገባችበት። ያቺን ልጅ ሳይ ቀናሁ። የእኔም እንዲህ ትሁንልኝ አልኩ።

ሰብለ አልጠየቀችኝም፣ እንደ ሐኪም አዘዘችልኝ። ትልቁን ሣጥን። የዓመት ትምህርት፣ በቀን በቀኑ፣ በደቂቃ በደቂቃው የተከፋፈለ። የአስተማሪው መመሪያ ብቻውን ትራስ ያክላል። አውሺኝ ብዬ መኪናዬ ድረስ ሁለት ሆነን ተሸከምነው።

በሩ አጠገብ ለሰው የሚሰጥ ክምር ነበራት። በጸሎት ከእሱ ውስጥ አንዲት ስስ መጽሐፍ አነሣች፣ ሽፋኗ ላይ በግ ስላለ። ሰብለ እሷን ተያት፣ ለሰነፍ እናት ናት አለች፤ በቀን አንድ ገጽ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንድ አጭር ጥቅስ፣ በቃ። ልጄ ግን በጓን አልለቅ አለች። ከመኪናው የኋላ ወንበር ሥር ጥላት ቤት ገባን።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1።

ትልቁ ሣጥን አሸነፈኝ። አራት ቀን ነው የፈጀበት።

የመጀመሪያው ትምህርት የወደቁ ቅጠሎችን ከልጅዎ ጋር ይልቀሙ ይላል። ሙቀቱ መቶ አሥር ፋራናይት ነው። እዚህ በረሃ፣ ሰንራይዝ ማነር ውስጥ፣ የእኛ አፓርታማ ፓርኪንግ ላይ የወደቀ ነገር ቢኖር የዘንባባ ዝንጣፊ ነው፤ ከእሷ ይረዝማል፣ እሾህም አለው። ያንን ጎትተን ገባን። ቀጥሎ በረዶ በእጅ እየነካችሁ ተነጋገሩ። ከፍሪጅ አወጣሁላት፤ ጭማቂዋ ውስጥ ጨመረችው። ዛሬ የኖኅ ታሪክ። ለአርባ ቀን ዘነበ አልኳት። ዝናብ ምን እንደሆነ ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሣር ማጠጫው ስፕሪንክለር ነዋ አለችኝ።

ይኼ ሁሉ ያስቃል፤ ትላንት ግን አልሳቅንም። ለመቁረጥና ለመለጠፍ የተመደበው አሥራ አምስት ደቂቃ አለቀ፣ እሷ ገና የዝሆኑን ጆሮ እየቆረጠች ነው። መመሪያው እለፉ ይላል። ቀማኋት። አለቀሰች። እኔም መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሥራ ላይ ሱፐርቫይዘር በክፍል ስንት ደቂቃ እያለች የምትቆጥርብኝን፣ እኔ ልጄ ላይ ቆጠርኩባት።

ሣጥኑን አሸግኩት። ዳዊት አየው። አንሥቶ በር ጋ አስቀመጠልኝ፣ ደግነቱ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8። የእረፍት ቀኔ!!!

ደብተሬ፣ እልል በይልኝ።

አሊያንቴ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት፣ ልጆቿ ስላደጉ፣ ሁለተኛ ሣጥን በነፃ ሰጠችኝ። ውስጡ የሥራ ደብተሮችና አንዲት አሥራ ሁለት ገጽ ያላት የእንግሊዝኛ ንባብ መጽሐፍ ነበሩ። ስለ ፍጥረት ናት። በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሥዕል።

መመሪያ የሚባል አልከፈትኩም። እኔ ሆሳዕና ሙሉ ወንጌል መዋዕለ ሕፃናት እንዴት ተማርኩ? መምህሯ ትላለች፣ እኛ እንላለን። በቃ። እኔ እላለሁ፣ በጸሎት ትላለች። ጠዋት አሥር ጊዜ። ወጥ ስሠራ አሥር ጊዜ። መኪና ውስጥ። በአምስት ቀን አሥራ ሁለቱንም ገጽ ያዘችው! እየገለጠች፣ ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ እያስኬደች፣ እንደ ፓስተር ጉሮሮዋን እየጠረገች ታነበዋለች። የአራት ዓመት ከስምንት ወር ልጅ። በአሥረኛ ክፍል አስተማሪ!

ዳዊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ሁለቴ አስነበባት። አይኑ እንባ አቀረረ። ለሰብለ ደወልኩ። ለአሊያንቴዋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደወልኩ፣ እዚያ ሌሊት ነበር፣ ይቅር ትበለኝ። ሰብለ እሑድ በልጆች ፕሮግራም ላይ ጉባኤው ፊት ታንብብ አለች። ታንብብ አልኩ። ጠይቃኝ ሳትጨርስ ነው የመለስኩላት።

እሑድ፣ ጁላይ 13። ብሬክ፣ የሥራ ዕረፍት ላይ፣ ሆቴሉ አንሶላ ክፍል ውስጥ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ አፍስሼ ቀረሁ።

ነጭ ቀሚስ አለበስኳት። መድረክ ላይ ወንበር አስቀመጡላት። ማይክ ያዙላት። መጽሐፏን ገልጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችው፣ አንድም ሳትስት። ሃሌሉያው ጣራውን ነቀነቀው። ፓ/ር ተነሥተው ሳሟት፣ እናቷን እግዚአብሔር ይባርክ አሉ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። አንገቴ ረዝሞ አሊያንቴ ሳይደርስ አልቀረም።

ፕሮግራሙ አልቆ ሁላችንም ሻይ ይዘን ቆመናል። ሰዉ ከቦናል፣ የትኛው ካሪኩለም ነው፣ እኔም ልግዛ ይሉኛል። እያስረዳሁ ነው። በጸሎት ደግሞ ለናኦሚ በድጋሚ እያነበበችላት ነው። ናኦሚ ጎንበስ ብላ አየች፣ ግራ ገባት፣ ከዚያ በዚያ በጠራ ድምፅዋ፣ በክፋት ሳይሆን እንዲያው ስላየችው ብቻ፦

“አንቲ፣ ቡኩ አፕሳይድ ዳውን ነው እኮ።”

ዞር አልኩ። ልጄ መጽሐፏን ገልብጣ ይዛዋለች። ዝሆኑ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። እሷ በሙሉ ልብ፣ ጣቷን እያስኬደች፣ ታነባለች።

የሳቀ አልነበረም። እሱ ነው የባሰኝ። ሰብለ እጄን ያዝ አደረገችኝ። ዳዊት መኪናውን ላምጣ ብሎ ወጣ። በጸሎት ብቻ ደስ እንዳላት ናት፤ ገጽ ሰባት ላይ ደርሳለች።

መድረኩ ላይስ? መድረኩ ላይ በትክክል ይዛው ነበር ወይስ እዚያም? ማንን ልጠይቅ። አልጠይቅም።

ሰኞ፣ ጁላይ 14። ጠዋት።

አልተኛሁም ልልሽ ነበር፤ ተኝቻለሁ። ድካም ለኀፍረት ቦታ አይሰጥም።

ዛሬ ጠዋት ፈተንኳት፣ ቀስ ብዬ። ከመጽሐፉ መካከል አንዲት ፊደል አሳየኋት። ምንድን ናት? እግዚአብሔር ብርሃንን ፈጠረ አለችኝ። ሌላዋን አሳየኋት። እግዚአብሔር ብርሃንን ፈጠረ።

ዳዊት አልቀለደብኝም። ሻትል ውስጥ ሆኖ በብሬኩ ደወለ። ያስጠናሻት ነገር ጥሩ ነው፣ ጥቅስ በልቧ ይኖራል አለ። ግን ንባብ አይደለም። ከዚያ ቃል በቃል እንዲህ አለኝ፦ “ያላስጠናሻትን አንድ ቃል ታንብብልኝ፣ ሳቢዬ። አንድ። ከዚያ ከአንቺ ጋር ነኝ።”

አንድ ቃል። ኦገስት 8 ድረስ።

ስልኩን ዘግቼ እየወለወልኩ ነበር፣ ድንገት ትዝ አለኝ። እኔም እንዲሁ ነበርኩ! ሆሳዕና። ፊደል ገበታውን ከ“ሀ” እስከ “ፐ” ዓይኔን ጨፍኜ እለው ነበር፣ በዜማ። መምህርት አየለች ግን አልተታለለችም። ከስኳር ወረቀት ላይ ቁራጭ ቀደደች፣ መሃሉን በጣቷ በሳችው፣ ገበታው ላይ አስቀመጠችው። በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ። ግራ ቀኟ የለም፣ ዜማ የለም። ይቺ ማን ናት? አላውቃትም። አለቀስኩ። በየቀኑ ያቺን ወረቀት ይዛ ትመጣ ነበር። እንዲያ ነው ማንበብ የቻልኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዜማውን አስታወስኩ፣ ወረቀቷን ረሳሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17። ብሬክ ላይ።

ወረቀት ቀድጄ ነበር፤ በጸሎት በሁለተኛው ቀን በላችው። ካርቶን ቆረጥኩ፤ ቀዳዳው ተቀደደ።

ዛሬ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ክፍል በር ስከፍት፣ የውስጥ እጀታው ላይ በክር የሚንጠለጠለው አትረብሹ የሚለው ካርድ እጄ ላይ ቀረ። ጠንካራ ፕላስቲክ። ጫፉ ስለተሰነጠቀ የሚጣል ነው። መሃሉ ላይ ደግሞ ምን አለው? የጣት ጥፍር የምታክል ክብ ቀዳዳ!

በየቀኑ ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ። ጋሪዬን እዚያው አቁሜ ሣቅኩ። ሱፐርቫይዘሯን ልውሰደው አልኳት። ይኼ ምን ይሠራልሻል አለችኝ፤ ለት/ቤቴ ነው አልኳት። ውሰጂ፣ የተሰበረ ነው አለች። ቦርሳዬ ውስጥ እንደ ወርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ዓርብ፣ ጁላይ 18።

ኤቢሲዋን ትዘፍናለች አይደል? ሁሉንም? በቀዳዳው አራት ብቻ አወቀች። አራት! ደስ አለኝ። እውነተኛ አራት ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ የውሸት ገጾች ይበልጥብኛል።

ከዚያ የሚሆን መጽሐፍ ፈለግሁ። በአንድ ገጽ ላይ ብዙ የማይጮህ። ትልቁ ሣጥን አይሆንም። የአሊያንቴው አይሆንም፣ ልጄ በቃሏ ጨርሳዋለች። መኪና ሄድኩ፣ ከወንበሩ ሥር፣ ከቺፕስና ካልሲ መሃል በጓን አወጣኋት። የሰነፏ እናት መጽሐፍ። ከፈትኳት። አንድ ገጽ፣ አንድ ትልቅ ፊደል፣ ድምፁ፣ አንድ አጭር ጥቅስ፣ የሚቀባ ሥዕል። በረዶ የለም። የደቂቃ ቁጥር የለም። ከታች ልጅዎ ሲደክመው ያቁሙ ይላል።

ጉልበቴ ላይ አድርጌ እዚያው መኪና ውስጥ አመሰገንኩ፣ ኤሲ ሳልከፍት። ምን ያህል እንደተደሰትኩ በዚህ እወቂ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 29። የእረፍት ቀኔ።

አሥራ ስምንት ፊደል። በቀዳዳ። ተገልብጦም፣ ተዘዋውሮም፣ በየትኛውም ቦታ።

ጠዋት ተነሥታ ካርዱን አንገቷ ላይ ታጠልቀዋለች። ሻምፑ ጠርሙስ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ስስ! ሲሪያል ካርቶን ላይ፣ ኦ! ሱፐርማርኬት ውስጥ የአንድ ሰውዬ ቲሸርት ጀርባ ላይ ለጠፈችው፤ ሰውዬው ዞር አለ፣ እሷ ቲ ናት አለችው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሳቀ፣ ሙሉውን እስክትጨርስ ቆመላት።

ጥቅሱንም አልተውነውም። ጥቅሱ በቃል ነው፣ ፊደሉ በዓይን። ሁለቱን መለየት ነበር ያቃተኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ግን ጮህኩባት፣ ቢንና ዲን አሥር ጊዜ ስታምታታ። ካርዱን አንሥታ ሄዳ የመኝታ ቤቷ እጀታ ላይ ሰቀለችው፣ ዘጋች። አትረብሹ ማለት ነው፤ ማን እንዳስተማራት አላውቅም። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሣጥኑን ለእህት ሰብለ መለስኩ። ስለ በጓ መጽሐፍ በድፍረት ነገርኳት፣ ስለ ካርዱም። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። መደርደሪያዋን እያየች፣ ግማሹ ተከፍቶ አያውቅም አለችኝ። ናኦሚን ያስነበባት የአባቷ የጋዜጣ ርዕስ ነው አለች። ይኼን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እንደ እህትማማች ተቃቀፍን።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6።

ፈራሁ።

ፊደላቱን ሁሉ ታውቃቸዋለች፣ ድምፃቸውንም። ግን አይገናኙላትም። ካት፣ ድመት የሚለውን፣ ስሰጣት ክ፣ አ፣ ት ትላለች፣ አንድ በአንድ፣ በትክክል። ምን ሆነ? ስላት፣ ክ፣ አ፣ ት ሆነ ትላለች። ስጋው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ፣ ቅቤው አለ፣ ወጥ ግን የለም።

ሁለት ቀን ቀረኝ። በጓ መጽሐፍ አትቸኩሉ ትላለች። እሷ ኦገስት 8 የላትም።

ዳዊት ማታ ሰሐን እያጠበ፣ ብዙ ተምራለች፣ አየሁ፣ ኮርቻለሁ አለኝ። ት/ቤት ብትገባም አንቺ ያስተማርሻት አይጠፋም አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ እንደዚህ ያስፈራኝ ቀን የለም። ቦርሳ እስከማሰብ ደርሻለሁ። ሐምራዊ፣ ክንፍ ያለው። ስትመለስ የማላያትን ልጅ በዓይኔ ሳልኳት።

ጌታ ሆይ፣ አንድ ቃል። መቶ አልጠይቅህም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 7። አንሶላ ክፍል። ብሬክ ላይ።

አነበበች አነበበች አነበበች።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ከሰዓት 3 አለፍ ብሏል። ዳዊት ገባ፣ ቁልፉን ሰቀለ። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ በር ላይ ተንበርክኬ ጫማዬን አስራለሁ። እንደ ሁልጊዜው። በጸሎት ስሚኝ ልትል መጣች፣ ካርዱ አንገቷ ላይ። ተንበርክኬ ስለሆነ ደረቴ ከዓይኗ ጋር እኩል ነው። ደረቴ ላይ ስሜ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ባጅ አለ። በየቀኑ እዚያው ነው፤ አይታው አታውቅም፣ እኔም አሳይቻት አላውቅም።

ካርዱን አወለቀች፣ ባጁ ላይ አደረገችው። ስ። ገፋ አደረገችው። አ። ገፋ። ብ። ገፋ። አ። እኔ የጫማዬን ክር እንደያዝኩ ቀረሁ። ካርዱን አነሣችው። ባጁን ሙሉውን አየችው፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለም። ከዚያ ቀስ ብላ፦

“ሳ... ባ። ሳባ!”

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ፈጠጠ። “እማዬ፣ አንቺ ሳባ ነሽ እንዴ?”

ለእሷ እማዬ ነኝ፣ ለአባቷ ሳቢዬ። ስሜን አንብባ ነው ያወቀችው። ልጄ ስሜን ያወቀችው አንብባ ነው!

አገላብጬ ሳምኳት። ዳዊት ግን ዳዊት ነው። ቆይ ቆይ አለ። አስጠንተሻት እንደሆነስ? ምዬ ተገዝቼ አላስጠናኋትም! ባጁን ከደረቴ ፈታው፣ ጀርባውን ሰጥቶን አንድ ነገር አደረገ፣ ዞሮ ፊቷ ያዘላት። አንብቢልኝ አላት።

አየችው። ግንባሯን ቋጠረች። ራሷን ወደ ቀኝ አዘነበለች።

“አባዬ!” አለችው፣ እንደ ተቆጣ ሰው። “ገልብጠኸዋል እኮ!”

በትንሿ እጇ ባጁን ከእጁ ላይ አዞረችው፣ አቀናችው፣ ደግማ አነበበችለት። ሳባ።

እልልታዬን ደረጃው ሁሉ ሰማው። ጎረቤታችን በር ከፍታ ምን ሆናችሁ አለች። ዳዊት ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ልጁን አቅፎ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ እንደገና ባጁን ገለበጠላት፣ እንደገና ተቆጣችው። ሰባት ጊዜ ገለበጠው። ሰባቱንም አቀናችው።

ስምንት ደቂቃ አረፈድኩ። ሱፐርቫይዘሯ ለምን አለችኝ። ስሜን እያስነበብኩ ነበር አልኳት። ግራ ገብቷት ባጄን አየች፤ የለም። ዳዊት እጅ ቀርቷል። ዛሬ ያለ ስም ነው የምሠራው፣ አንድም ቀን ግን እንዲህ ሳባ ሆኜ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኦገስት 8። ጠዋት።

ዳዊት ከሻትል ማቆሚያው ራሱ ደወለ። ቦታውን ለሌላ ልጅ ስጡ፣ የእኔ ልጅ አስተማሪ አላት አለ። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፣ ግን ገባቸው ብሎኛል። አስተማሪ አላት የሚለውን ሁለቴ አስደገምኩት፣ አልሰማሁም ብዬ። ሰምቻለሁ።

የወሰንኩትን ልጻፍ፣ በኋላ እንዳልክድ። መጽሐፉ የበጓ መጽሐፍ ነው። በቀን አንድ ገጽ፣ ሲደክማት ይቆማል። ጥቅሱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በቃል። ይኼን ዓመት ብቻ፤ የሚመጣውን ዓመት ሲመጣ አብረን እናያለን። ስለ ጓደኛ ዳዊት ልክ ነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ ሮድስ ራንች ከልጆቹ ጋር ትውላለች፣ ሰብለ አስቀድማ ጠየቀችኝ። እሑድ ጉባኤ ፊት አታነብም። ፓ/ር ጠይቀው ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኳቸው፤ ሳቁ።

ደግሞ ስለ ሹራቡ። ሹራቡን አልጨርሰውም፣ ዳዊት ይርሳው።

መጣች። ኦትሚሏን ራሷ በልታዋለች፣ አገጯ ምስክር ነው። ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ካርዱን አንቺ ላይ አስቀመጠችው፣ ደብተሬ፣ እዚህ፣ የምጽፈው መስመር ላይ። በቀዳዳው አንዲት ፊደል ትታያለች፣ የአማርኛዋ “ሳ”። ይቺን አላውቃትም አለችኝ፣ ደስ ብሏት፣ አዲስ ሰው እንዳገኘ። ማን ናት? ነገርኳት። ከንፈሯ ላይ አዟዟረቻት። አሁን ካርዱን ወደ ቀኝ ልትገፋው ነው፣ አልሄድ አላት፣ መንገዱን እጄ ዘግቶባታል። አንሺው እማዬ ትለኛለች፣ የሚቀጥለው ከእጅሽ ሥር ነው። እሺ። እጄን አነሣ—